ሬዲዮው የበላት ፊደል

የሬዲዮ ቃለ መጠይቅ ስሰማ ተጠያቂውን አላዳምጥም፤ የማዳምጠው ጠያቂውን ነው። ልጆቼ ይስቁብኛል። «እማዬ ደግሞ ከሬዲዮ ጋር ልትጣላ ነው» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ እጣላለሁ። «ኧረ አስጨርሰው እንጂ አንተ!» እላለሁ። «ምነው ያንን ሲጠይቅ ድምፁ ለሰለሰ፣ ይህን ሲጠይቅ ሻከረ?» እላለሁ። ጠያቂ ገና አፉን ሳይከፍት ማንን እንደሚወድ፣ ማንን እንደማይወድ በልቡ ጨርሶ ነው የሚመጣ። ማይክራፎኑ ቀጥ ብሎ የቆመ ይመስላችኋል፤ አልቆመም፤ ወደ ወደደው ያዘነብላል። ይህን ከትምህርት ቤት አላገኘሁትም፤ በአባቴ ላይ ሲደርስ አይቼ ነው።

ዘመኑ ደርግ ነው፤ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የጦፈበት ጊዜ። እኔ ቢቸና የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበርሁ፤ በዚያ ላይ የዘመቻውን ሥራ ከሚያስተባብሩት አንዷ አድርገውኝ ነበር። አባቴ ከሞጣ ወጣ ብሎ ካለ አንድ ደብር ሥር የቅኔ መምህር ናቸው። የኔታ ነው የሚባሉ። በስማቸው የሚጠራቸው ሰው አላውቅም፤ እናቴ እንኳ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የኔታ እንዳለች ኖራ የኔታ እንዳለች ነው የሞተች። በግቢያቸው ዙሪያ ተማሪዎቹ ራሳቸው የቀለሷቸው ጎጆዎች ነበሩ። ከሸዋም፣ ከጎንደርም፣ ከዋድላም የመጣው ተማሪ እዚያ ያድራል፤ ቀን በየመንደሩ ቁራሽ ለምኖ ይመለሳል፣ ከዚያ ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል።

ጣጣው የመጣው በእነዚህ ጎጆዎች ነው። የአካባቢው ገበሬ ማኅበር ጎጆዎቹን አፍርሶ ቦታውን የእህል መጋዘን ሊያደርገው አሰበ። «እነ የጥኖራ በኅብረት አርሰው የት ደርሰዋል፣ እኛ እዚህ ለማኝ እንቀልባለን» ይል ነበር ሊቀ መንበሩ። ሰበብም አላጣ። የኔታ የዘመቻው ተቃዋሚ ናቸው አለ፤ ልጁን ከፊደል ገበታ እየነጠቁ ልመና ያስተምሩታል አለ። ውሸት! ዓይኔን ግንባር ያድርገው ውሸት ነው! አባቴ ተቃዋሚ መሆናቸው ቀርቶ ተማሪዎቻቸውን አሰልፈው በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ለገበሬው ሚስቶች ሀ ሁ ያስቆጥሩ ነበር። ሰሌዳ ስላልነበራቸው የቤታቸውን መዝጊያ በከሰል አጥቁረው በኖራ ይጽፉበታል። ዳሩ ምን ይሆናል፣ የሚያወራላቸው አልነበረም። አባቴ ራሳቸው «የቀኙን ግራው አይወቅ» የሚሉ ሰው ናቸው፤ አላወሩም።

አውራጃ ጽሕፈት ቤት የሚሠራ አንድ ደግ ሰው ታዲያ «ሴቶቹን ማስተማራቸውን ሬዲዮ አንድ ቀን ቢናገርላቸው እኮ ማንም አይነካቸውም ነበር» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሐሳቤ ሁሉ ሬዲዮ ሆነ።

እግዜር የሰማኝ መሰለኝ። በዚያው ሰሞን አንድ የሬዲዮ ጋዜጠኛ ስለ ዘመቻው ሰው ሊያነጋግር የዓባይን ድልድይ ተሻግሮ በላንድሮቨር ቢቸና ከች አለ። ትምህርት ቤታችን ቢሮ ገብቶ ሲያየኝ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«የየኔታ ልጅ አይደለሽም?» አለኝ።

እኔም ለየሁት። የአባቴ ተማሪ ነበር፤ ያውም ብዙ ዓመት የቆየ ተማሪ። ልጅ ሆኜ በትከሻው ተሸክሞ ገበያ አውርዶኛል። እናቴ ሌማቱን ስትከድን የሱን ድርሻ ለይታ ነበር የምታስቀምጥ፤ «ያ ልጅ ሆዱ ባዶ ሲሆን ቅኔውም ባዶ ይሆንበታል» እያለች። ኋላ የቅኔ ጉባኤውን ጥሎ ወደ አዲስ አበባ ሄደ፤ ዘመናዊ ትምህርት ተማረ ሲሉ ሰማን። ድምፁ በሬዲዮ መምጣት ሲጀምርማ የአባቴን ደስታ አትጠይቁኝ! መንገደኛውን ሳይቀር እያስቆሙ «ስማ፣ ስማ፣ ይህ የኔ ልጅ ነው» ይሉ ነበር።

በልጅነቴ እንደምጠራው «ወንድምዓለም!» ብዬ አንገቱ ላይ ተጠመጠምሁ። የጎጆዎቹን ነገር፣ የመጋዘኑን ነገር፣ የሊቀ መንበሩን ነገር አንድ ሳላስቀር ዘረገፍሁለት። አለቀስሁም። «አፈር ስሆን፣ የኔታ ሴቶቹን ማስተማራቸውን ብቻ አሰማልኝ፤ ሌላ ምንም አልለምንህም» አልሁት።

እጄን በሁለት እጁ ያዘና «እቴ፣ የኔታን ሳልጠይቅ ማንን ልጠይቅ? ተይው ለኔ» አለኝ። አመንሁት። ለምን አላምነው? ከአንድ ሌማት የበላን ልጆች ነን።

መጀመሪያ እዚያው ቢቸና ላይ ሰው ማነጋገር ጀመረ፤ ሰው የማመጣለት እኔ ነበርሁ። አንዲት ጠላ የሚሸጡ እናት ነበሩ፤ ፊደል ለይተው ስማቸውን መጻፍ የጀመሩ፣ ምላሳቸው ለማንም የማይመለስ። እሳቸውን አመጣሁለት።

«እናቴ፣ ከአብዮቱ በፊት የሚኖሩት በጨለማ ነበር፤ አይደለም?» አላቸው።

«ኧረ ምን ቆርጦኝ! ኩራዝ ነበረኝ እኮ!» አሉ።

ሾፌሩ አፉን ይዞ ወጣ። እኔም ሳቄን መቻል አቃተኝ። እሱ ግን ቴፑን አጠፋና «የአእምሮ ጨለማ ማለቴ ነው» ብሎ አስረዳቸው። ደግሞ ከፈተ፣ ደግሞ ጠየቀ። ሴትዮዋ ስለ ኩራዛቸው ደግሞ ጀመሩ። ደግሞ አጠፋ። ኋላ ሲሰለቻቸው «እንግዲህ አንተ ካልህ ይሁን ልጄ፣ ጨለማ ነበር» አሉ። እንግዳ ለሆነ ሰው እምቢ አይባልማ! በሬዲዮ የተላለፈችው ያችው የመጨረሻዋ ናት፤ እሷም ብትሆን «ጨለማ ነበር» የምትለዋ ብቻ፤ «አንተ ካልህ» ተቆርጣ ቀርታለች።

የዘመቻውን ኃላፊ ሲያነጋግር ደግሞ ሌላ ሰው ሆነ። ኃላፊው የሚናገረው ሁሉ ከጋዜጣ የተቀዳ ነው፤ በቃሉ ሸምድዶታል። ወንድምዓለም ግን አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ ራሱን እየነቀነቀ «እህ… እህ…» ይለዋል። ሰውዬው በዚያች «እህ» እየተደገፈ አንደበቱ ተፈታ፤ እኔ ራሴ ዕውቀት ያለው መሰለኝ እኮ! ጠያቂ «እህ» ያለው ሰው ይበረታል፤ ጠያቂ ዝም ያለው ሰው ይንተባተባል። ያን ቀን አይቼዋለሁ፤ ትርጉሙ የገባኝ ግን ሞጣ ስንደርስ ነው።

ከቢቸና ወደ ሞጣ ስንጓዝ መኪናው ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ነበር። አንድ መንደር ስናልፍ ውሻ እየጮኸ መኪናውን ተከተለ። ወንድምዓለም የሱሪውን እግር ሰብስቦ ባቱን አሳየኝ፤ ሥጋው ጎድጉዶ ቀርቷል።

«ይህ የዚህ አገር ውሻ የወሰደው ነው» አለኝ። «በየደጁ በእንተ ስማ ለማርያም እያልሁ ስለምን። የዚያን ቀን ቁራሽም አላገኘሁ። እስከ ዛሬ ውሻ ሲጮህ ይርበኛል፤ ታምኛለሽ? ጠግቤ ወጥቼም ቢሆን ይርበኛል።»

አንጀቴን በላው። «አባቴም እኮ ለምነው ነው የተማሩት፣ ወንድምዓለም» አልሁት ላጽናናው ብዬ።

«እኮ! ለዚህ ነው የማይታያቸው» አለ፤ ሞጣ እስክንገባም ዓይኑ ከመስኮቱ ውጭ ነበር። ትዝታው ከብዶት ነው አልሁ።

አባቴ ነጭ ጥምጥማቸውን አድርገው፣ የታጠበ ጋቢ ለብሰው ደጅ ቆመው ጠበቁን። እሱም ሮጦ ሁለት ጉልበታቸውን ሳመ። «የኔታ! የኔታ! እንደምን ከርመዋል!» አለ። አባቴ ራሱን እየዳበሱ «ድሮ ቅኔ ትዘርፍ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ እኛን ልትዘርፍ መጣህ አሉ?» ብለው ቀለዱበት። ተማሪዎቹ ሳቁ፤ እሱም ሳቀ። አቤት ያን ጊዜ ደስ ሲለኝ! ጎጆዎቹን እያየሁ «በቃ ተርፋችኋል» አልሁ በሆዴ።

ፊደል ከሚቆጥሩት ሴቶች አንዲቱ ልጇን እንዳዘለች መጥታ ነበር፤ ከአባቴ ተማሪዎች ሁሉ ቶሎ የገባት እሷ ናት። መጀመሪያ እሷን ቀረጻት። ከጠቆረው መዝጊያ ላይ ጣቷን እያስኬደች «ጤፍ ዘራን። ጤፍ አጨድን።» ብላ አነበበች። አንዴ እንኳ አልተሳሳተች። አባቴ ከጎኗ ቆመው ከንፈራቸው አብሮ ይነቃነቅ ነበር።

ቀጥሎ አባቴ ተራቸው ሆነ። ከአጎዛቸው ላይ ተቀመጡ፤ ወንድምዓለም ፊት ለፊታቸው በርጩማ ላይ ተቀመጠና ቴፑን ከፈተ።

«አባት» አላቸው።

ክው አልሁ። እንኳን ተማሪያቸው፣ የሞጣ ገበያ ነጋዴ እንኳ አባቴን «አባት» አይልም፤ የኔታ ነው የሚል። «አባት» የሚለው አገሩን የማያውቅ መንገደኛ ነው። አባቴም ቀና ብለው አዩት። ኋላ ሲነግሩኝ «የሬዲዮ ወግ ይሆናል ብዬ ነው» አሉ።

«አባት፣ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገብተው ያውቃሉ?»

«አልገባሁም።»

«ተማሪዎችዎ የሚበሉት ለምነው ነው?»

«አዎ፣ ለምነው ነው፤ ልመናውን ግን…»

«ሥራ አይሠሩም?»

«ምነው አይሠሩ! ይማራሉ፤ ደግሞ ከሰዓት በኋላ እነዚህን እናቶች…»

«ወደዚያ እንመጣለን» አለ። አልመጣም።

ፊቱን ነበር የማየው። አንገቱ አልዘነበለም። «እህ» የምትባል ከአፉ አልወጣች። ያ ቢቸና ላይ ለተሸመደደ ወሬ ራሱን ሲነቀንቅ የዋለ ሰው፣ ለመምህሩ ሲሆን አንገቱ ደረቀ። አባቴ ጉባኤ ላይ አንዴ ከጀመሩ የሚያቆማቸው የሌለ ሰው፣ በዚያ ዝምታ ፊት ቃላቸው እያጠረ፣ እያጠረ ሄደ። በእጄ ሴቲቱን እያመለከትሁ «ይህን ጠይቃቸው እንጂ» የሚል ምልክት ሰጠሁት። አየኝና ፊቱን መለሰ።

በመጨረሻ «ታዲያ አባት፣ እርስዎ ራስዎን የተማርሁ ነኝ ይላሉ?» አለ።

አያችሁ፣ በእኛ አገር የቅኔ መምህር «ሊቅ ነኝ» አይልም። ሌላው ሊቅ ሲለው እንኳ «ኧረ እኔ ትቢያ» ነው መልሱ። «አዎ ተምሬያለሁ» ቢል ተማሪዎቹ ፊት ያፍራል። ወንድምዓለም ይህን አሳምሮ ያውቃል፤ አውቆ ነው የጠየቃቸው። አባቴ ግን ሌላ ነገር መሰላቸው። ፊታቸው ፈካ። ጉባኤ ላይ ለጎበዝ ተማሪ አንዲት ቃል ይወረውሩና «በል ፍታት!» ይሉ ነበር፤ አሁንም ያን ጨዋታ የጀመረላቸው መሰላቸው።

«እኔማ መሃይምን ነኝ፤ እንደዚሁ እንዳለሁ እሞታለሁ» አሉ።

ደጅ የቆሙት ተማሪዎች ቅኔው ገብቷቸው «ይበል! ይበል!» ብለው ጮኹ።

ቤተ ክህነት ላልዋለ ሰው ላስረዳ። መሃይምን ግዕዝ ነው፤ አማኝ፣ የታመነ ማለት ነው። ሃይማኖት የሚለው ቃልም ዘመዱ ነው። መሃይም ግን ያን ጊዜ በየግድግዳው «ይጥፋ» እየተባለ የሚጻፍበት፣ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ነው። ሁለቱን የምትለያቸው አንዲት «ን» ናት። እሷም «ነኝ» የሚለው ሲከተላት እዚያው ትዋጣለች፤ የሠለጠነ ጆሮ ካልሆነ አይዛትም። አባቴ ሁለቱን ባንድ አፍ ተናገሩ፤ ለትሕትናው መሃይም ነኝ አሉ፣ ለእውነቱ አማኝ ነኝ፣ በእምነቴ እንዳለሁ እሞታለሁ አሉ። ለሬዲዮ አልነበረም የተናገሩት፤ ለልጃቸው ነበር። ይፈታታል ብለው ዓይን ዓይኑን አዩት።

«አመሰግናለሁ አባት» አለና ቴፑን አጠፋው።

ቴፑ ሲጠፋ «የኔታ» ተመለሰች። ምሳ ቀረበ፤ አባቴ በእጃቸው አጎረሱት፤ ጎረሰ። መኪናው ጋ ስሸኘው «የሴቶቹን ነገር ሳትጠይቃቸው?» አልሁት።

«ሴትዮዋን ቀርጬ የለም እንዴ? እሷ ትመሰክርላቸዋለች፤ አታስቢ እቴ» አለኝ።

ዝግጅቱ የተላለፈ ዕለት ቀኑ እሑድ ነበር። እኔ ከቢቸና መጥቼ ከአባቴ ጋር ነበርሁ። ከአንድ ነጋዴ ሬዲዮ ተውሰን ከግቢው መካከል አስቀመጥነው፤ ከቅዳሴ የተመለሰው ሰው ሁሉ ከበበው። ሊቀ መንበሩንም ራሴ ሄጄ ጠርቼዋለሁ፤ «ና ስማ፣ የኔታ ምን እንደሚሠሩ ከሬዲዮ ስማ» ብዬው። ሴቲቱም ልጇን አዝላ ከፊት ቆማለች። ድምፄ በሬዲዮ ይመጣል እያለች ስትቁነጠነጥ ሰው ይስቅባታል።

ጠላ ሻጯ እናት መጡ፣ «ጨለማ ነበር» አሉ። ኃላፊው መጣ፣ ብዙ ተናገረ። ከዚያ የወንድምዓለም ድምፅ ወፈረ። «ይህ ሁሉ ብርሃን ባለበት ግን ዛሬም ድንቁርናን የሙጥኝ ያሉ አልጠፉም» አለ። «እኚህ አዛውንት ይህንኑ በራሳቸው አንደበት ያምናሉ።»

ከዚያ አባቴ።

«አልገባሁም።» «አዎ፣ ለምነው ነው።» «እኔማ መሃይም ነኝ፤ እንደዚሁ እንዳለሁ እሞታለሁ።»

«ን» የለችም። በሬዲዮው ሹክሹክታ ውስጥ ሟሙታ ጠፍታለች። የተማሪዎቹ «ይበል» እንኳ ብትሰማ ነገር እንዳለበት ሰው ይጠረጥር ነበር፤ እሷም ተቆርጣለች። ተማሪዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። እኔ አባቴን ማየት አልቻልሁም።

«ከዚህ ጨለማ ጥግ አብዮቱ ያወጣት እናት ግን እነሆ» አለ ወንድምዓለም ቀጥሎ። የዚያችው ሴት ድምፅ መጣ፤ «ጤፍ ዘራን። ጤፍ አጨድን።»

«ውይ!» አለች ሴቲቱ። «ውይ በሞትሁት! እኔን ያስተማሩኝ እኮ የኔታ ናቸው!» ሬዲዮው ላይ ጎንበስ ብላ ጮኸችበት። «አንተ! ስማ እንጂ! የኔታ ናቸው እኮ!»

ሬዲዮ ደግሞ ይናገራል እንጂ መች ይሰማል! ወደ ዘፈኑ ሄደ። ጀርባዋ ላይ ያለው ልጅ በጩኸቷ ደንግጦ ማልቀስ ጀመረ። ሊቀ መንበሩ ኮቱን አራገፈና «እንግዲህ የኔታ፣ እኛ ምንም አላልንም፤ ራስዎ ነዎት ያሉት» ብሎ መንገዱን ቀጠለ። ጠርቼ ያመጣሁት እኔ፣ ምን ልበለው? እሳት ለበስሁ። ሬዲዮው የሰው ንብረት ባይሆን ኖሮ እዚያው በድንጋይ እፈጨው ነበር። ያጎረሱበትን እጅ መነከስ ሲባል እሰማ ነበር፤ ጥርሱ እንዲህ እንደሚያም አላውቅም ነበር።

አባቴ ሰው ሲበተን ጠሩኝና ከአጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ነው የቸገረኝ» አሉ። «ገብቶት ነው ወይስ ሳይገባው?»

«ኧረ አባዬ፣ ምን ለውጥ አለው አሁን?» አልሁ በንዴት።

«ለኔ አለው። ሳይገባው ከሆነ ጥፋቱ የኔ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ከፊቴ አስቀምጬ አንዲት ን መስማት አላስተማርሁትም። ገብቶት ከሆነ ግን…» አሉና ተዉት።

ብዙም ሳይቆይ ጎጆዎቹን አፈረሷቸው። እንጨቱን ለመጋዘኑ አጥር ወሰዱት። ተማሪዎቹ የቁራሽ መያዣ አኩፋዳቸውን እያነገቱ የአባቴን ጉልበት እየሳሙ ተበተኑ። አባቴ ቆመው እያንዳንዱን መረቁ፤ ዕንባ የሚባል ከዓይናቸው አልወጣም። ብቻቸውን ጥያቸው ልሄድ ነው? ቢቸና ወደ ተከራየሁት ቤት ይዣቸው መጣሁ።

ቢቸናም ላይ ያች ጥያቄ አልለቀቀቻቸውም። ጉርሻ ይዘው ይቆማሉ። «ገብቶት ይሆን?» ይላሉ። የቤተ ክርስቲያን መንገድ ላይ ይቆማሉ። «ድምፄ ዝቅ ብሎ ይሆን? ን-ዋን ጫን አላልኋት ይሆን?» ይላሉ። አንድ ጎልማሳ ተማሪ የኔታ ቢቸና ናቸው ሲሉት ሰምቶ ከሩቅ አገር በእግሩ መጣ። «እዚሁ ጥግ ይዤ እማራለሁ፤ አላስቸግርም» ብሎ እግራቸው ላይ ወደቀ። አባቴ ግን መለሱት። «አንዲት ፊደል ማሰማት ያልቻልሁ ሰው ምን ላስተምርህ? ሌላ መምህር ፈልግ» አሉት። ተማሪው አልሄደም፤ ደብር ውሎ እየመጣ ከደጃችን ይቀመጥ ነበር። እኔን ያሳበደኝ ይህ ነው። ጎጆዎቹንስ እሺ አፈረሷቸው፤ አባቴን ከወንበራቸው ማንሳት ግን ጎጆ ማፍረስ አይደለም። ከማስተማር በቀር የሚያውቁት ሥራ የላቸውም። ቁጭ ብለው እያየኋቸው ሊያልቁብኝ ነው።

ወንድምዓለም ለዘመቻው ምርቃት ደግሞ ቢቸና መጣ። ሻይ ቤት መቀመጡን ሰው ነገረኝ፤ ክፍሌን ትቼ በረርሁ። ሲያየኝ ተነሣ፤ እጁን ዘረጋ።

«መሃይምን ነው ያሉህ» አልሁት፤ ሰላምታም አልሰጠሁት። «ገብቶሃል ወይስ አልገባህም?»

«እቴ፣ እስቲ ተቀመጪ…»

«አልቀመጥም! ገብቶሃል ወይስ አልገባህም?»

ሻዩን አማሰለ። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል፤ እሱ ያማስላል። «ገብቶኛል» አለ። «ሲናገሯት ልቤ ዘለለ። ይበል ልል ከአፌ ነው የመለስኋት። እንደሳቸው ያለ ቃል የሚወረውር ሰው አዲስ አበባም አላየሁ።»

«እና?»

«እና… ከሳቸው ፊት ስቀመጥ ያ ውሻ ነው የሚታየኝ፣ እቴ። ያ ርሃብ ነው የሚታየኝ። ገና ከቢቸና ሳልነሣ የምሠራውን አውቄው ነበር፤ መልሳቸውን ይዤ ነው የሄድሁ። ደግሞ ያላሉትን አላሰማሁ። ከአፋቸው የወጣውን ነው ያሰማሁ።»

«ውሻው እኮ የኛ አልነበረም!» ብዬ ጮኽሁ። «የነከሰህ ውሻ የሌላ ሰው ነው! ያጎረሰችህ ግን እናቴ ናት!»

ማንኪያውን አስቀመጠ። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «የኔታን ሰላም በይልኝ።»

«ራስህ በላቸው፤ ሬዲዮ አለህ አይደል!» ብዬው ወጣሁ።

ወደ ቤቴ አቀናሁ። አባቴ እንደሚጠይቁኝ አውቃለሁ፤ ምን እንደምላቸው ግን አላውቅም። አልገባውም ብላቸው ልጃቸው ይተርፍላቸዋል፤ የዋህ ነበር፣ አልሰማም ብለው ይቅር ይሉታል፤ ግን ማስተማር አልቻልሁም እንዳሉ ይሞታሉ። ገብቶታል ብላቸው መምህርነታቸው ይመለሳል፤ ልጃቸው ግን ይሞትባቸዋል። የቱ ነው የሚሻለው? እናንተስ ብትሆኑ? ደጃፌ ስደርስ ያ ተማሪ እንደ ልማዱ ተቀምጧል፤ ተነሥቶ እጅ ነሣኝ። አልፌው ገባሁ።

«አገኘሽው አሉ» አሉኝ። ወሬው ቀድሞኛል።

«አገኘሁት።»

«ጠየቅሽው?»

«ጠየቅሁት፣ አባዬ። ገብቶታል።»

«በእውነት?»

«ይበል ልል ከአፌ ነው የመለስኋት ብሎኛል።»

ከተጋደሙበት ተነሥተው ቁጭ አሉ። «አላልሁሽም!» አሉ። «አላልሁሽም! ያ ልጅ ጆሮው ሌላ ነው! አንዲት አታመልጠውም!» ሳቁ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ሲስቁ ሰማኋቸው። «ያን ደጅ የተቀመጠውን ጥሪው፤ ነገ እንጀምራለን በይው።»

ልጠራው ተነሣሁ። ከበሩ ሳልወጣ ሳቁ ሌላ ድምፅ ሆነብኝና ዞርሁ። ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ስበው ያለቅሱ ነበር። ጎጆዎቹ ሲፈርሱ እንኳ አላለቀሱም።